የዓመት ፈቃድዎን ይዘው ወደ ጎንደር

የዓመት ፈቃድ በብዙዎቻችን ቤት ምን ላይ እንደሚውል እናውቀዋለን። ሦስቱ ቀን ለዘመድ ሠርግ፣ ሁለቱ ለተዝካር፣ አራቱ ልጅ ሲታመም፣ የቀረው ደግሞ በርበሬ ለመቀንጠስና ለማስፈጨት ይሄዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአንድ ሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ዕረፍት ይሰጣል። አዋጁ ዕረፍት ይበለው እንጂ ከጓዳ በኩል ሲታይ ሌላ የሥራ ወቅት ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሰው ተነሥቶ «አገር ለማየት እንሂድ» ቢል መልሳችን የተዘጋጀ ነው፤ «ጉብኝት የፈረንጅና የባለ ገንዘብ ነው» እንላለን።

ይህን መልስ ጥቂት እንመርምረው ዘንድ ለዛሬ ጎንደርን መርጠናል። ጎንደር ስሟ የገነነ፣ እንግዳ የሚጎርፍባት፣ በዚህም የተነሣ «ውድ ናት» ተብላ የምትፈራ ከተማ ናት። እኔ እንዳየሁት ግን ለደመወዝተኛ ጎንደርን ውድ የሚያደርጓት የምንሄድበት ሰሞንና የምንሄድበት መንገድ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን በዘዴ ከያዙ የቀረው ከሰፈር ገበያ ወጪ ብዙም አይርቅም።

ነገሩን በወሬ አልነግርዎትም። በ2012 ዓ.ም. ጥር ማብቂያ ላይ እኔ፣ በሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ባልደረባዬ፣ የ11 ዓመት ወንድና የ7 ዓመት ሴት ልጆቿ፣ እንዲሁም የቤት ሠራተኛዋ ሆነን ለስምንት ቀናት ሄደን ነበር። ገንዘቡ የተጠራቀመው በመሥሪያ ቤት እቁብ ነው። ባልደረባዬ ዕጣ ቢወጣላትም ለቸገረው እያስተላለፈች እስከ ጥር አቆየችው፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገረችም። ዓላማው ከታወቀ ተበዳሪ ይመጣል ባይ ናት። ሒሳብ ሠራተኛ ናትና የወጣችውን እያንዳንዷን ሳንቲም የምታሰፍርበት አንዲት ትንሽ ደብተርም ይዛ ነበር።

የቤት ሠራተኛዋ መሄድ በቤቱ ጥቂት ክርክር አስነሥቶ ነበር፤ «እሷም ከሄደች ማን ያበስልልኛል?» የሚል ክርክር መሆኑን ሳይገምቱት አይቀሩም። ልጅቷ የወገራ ተወላጅ ናት፤ አምባ ጊዮርጊስን አለፍ ብሎ ካለ የገጠር መንደር ወጥታ አዲስ አበባ ከገባች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ እናቷን አላየችም። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራን የቤት ሠራተኛ አያካትትም። እኛ 16 ቀን አነሰን እያልን ስናጉረመርም፣ ጓዳችንን ይዛ ወደ ሥራ የምታሰማራን ልጅ በዚሁ አዋጅ አንድም ቀን የተጻፈላት የለም። ባልደረባዬ ይህን ካሰበች በኋላ ክርክሩን ዘጋችው። ባልየው ስምንቱን ቀን ምን በልቶ እንደከረመ እስከ ዛሬ አልተነገረንም።

መቼ ይኬድ የሚለው ለእናቶች አስቸጋሪ ጥያቄ ነው። ልጆች ረጅሙን ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ጎንደር ዝናብ ነው፤ ሰሜን ተራሮችም በጉም ተሸፍነው ገደሉ ከእግርዎ ሥር ሆኖ እንኳ አይታይዎትም። ጥቅምት አደይ አበባው ሳይረግፍ፣ ሰማዩ ጠርቶ እጅግ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ትምህርት ቤት ተከፍቷል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ጥር 11ን፣ የጥምቀትን በዓል ነው። ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ የጎንደሩም በፋሲል መዋኛ የሚከበር በመሆኑ ማየት ለሚችል ሰው የሚገርም ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ሳምንት አልጋ የሚገኘው በብዙ እጥፍ ዋጋ፣ አለዚያም በዘመድ ቤት ወለል ላይ ነው። ሕፃን የያዘች እናት ደግሞ ሌላም የምታስበው አላት። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መድረክ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑም ተጎድተዋል። ለጥምቀት ከሄዱ ከልጅዎ ጋር ሰው በተደራረበበት መድረክ ላይ አይውጡ፤ ከዳር ቆመው የሚያዩት ይበቃዎታል።

እኛ የመረጥነው የመንፈቀ ዓመቱን የትምህርት ዕረፍት ነው። ይህ ዕረፍት በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ስለሚውል የጥምቀት እንግዳ ተሸኝቶ፣ አልጋው ባዶ ሆኖ፣ ባለቤቱም ለዋጋ ክርክር ፈቃደኛ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሣሩ ግን ደርቋል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ይህ ብልሃት የእኛ ብቻ አይደለም። የግሪኳን ሳንቶሪኒ ደሴት ለማየት የሚመኙ አውሮፓውያን ደመወዝተኞችም ሐምሌንና ነሐሴን ሸሽተው በጸደይ ወይም በመከር ይሄዳሉ። በደሴቲቱ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በመርከብ ለሚመጣ ጎብኚ በሕዝብ በሚጨናነቅበት ወራት ከፍ ያለ ቀረጥ ተጥሏል።

ወደ መንገዱ እንምጣ። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ወደ 730 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ በአውቶቡስ ነበር የሄድነው፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን፣ የዓባይን በረሃ ወርደንና ወጥተን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ባሕር ዳርን፣ ወረታን አልፈን ሲመሽ ገባን። በባልደረባዬ ደብተር መሠረት ከጠቅላላው ወጪያችን ግማሽ ያህሉ ያለቀው በዚሁ የደርሶ መልስ ትኬት ነው።

ዛሬ ግን እንዲያ ብድግ ብሎ መሄድ አይቻልም። በሰሜኑ ጦርነት፣ በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ፣ ውጊያው እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው ተዘግተዋል፤ መንገደኞችም ተጎድተዋል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ትኬት ሻጩን ሳይሆን በመንገዱ ላይ የሚኖር ዘመድ ወይም ትውውቅ ይጠይቁ፤ ትኬት ሻጭ መንገድ ተዘግቷል አይልም። ጎንደር ከተማ ደርሰው ወደ ደባርቅ ለመውጣት ሲያስቡ ይህንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠይቁ፤ የከተማው ሰላም የገጠሩን መንገድ አይገልጽምና። መንገዱ ካላስተማመነ ሦስት ዓይነት ምርጫ አለ፤ አንድም እቁቡን ለሌላ ዓመት ማቆየት፣ አንድም በአውሮፕላን መሄድ፣ አንድም የሰው ቁጥር መቀነስ ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ አዘዞ ስለሆነ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ተዳብለው ታክሲ ይያዙ፣ ሻንጣዎም ከመጫኑ በፊት ዋጋ ይቁረጡ። ልጅ አስከትሎ በማያስተማምን መንገድ ላይ ትኬት መቆጠብ ግን ቁጠባ አይባልም።

በጎንደር ርካሽ አልጋ የሚገኘው በፒያሳና በአራዳ ገበያ አካባቢ ነው። ፒያሳ ጣሊያኖች በአምስቱ ዓመት የሠሩት የከተማው እምብርት ስለሆነ ግንቡም፣ መናኸሪያውም፣ ገበያውም ብዙ አይርቅም። ሦስት ነገር ሳይጠይቁ ቁልፍ አይቀበሉ። መጀመሪያ ውኃ ነው፤ ከተማዋ ለብዙ ዓመታት በውኃ እጥረት የተቸገረች ናትና «ቧንቧ አለ ወይ?» ሳይሆን «ዛሬ ጠዋት ውኃ መጥቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ዋጋው በአልጋ ነው ወይስ በሰው? ልጆችን ከእናታቸው ጋር በአንድ አልጋ ሲያስተኙ ሒሳቡ ይለያያል። ሦስተኛ፣ ከበታቹ መጠጥ ቤት እንዳለ ይዩ፤ ካለ ርካሽነቱ በእንቅልፍዎ ይከፈላል።

አንድ አልጋ ቤት ውስጥ ተቀባዩ እኛን ሁለት ሴቶች ከላይ እስከ ታች ካየን በኋላ «ባለቤቶቻችሁስ?» ብሎ ጠየቀን። ባልደረባዬ «ቤት ይጠብቃሉ» አለችው። እኔ ባል እንደሌለኝ መናገር አላስፈለገኝም፤ ከዚያ ወጥተን ከጎኑ ባለው አደርን። እናቶችና እህቶች፣ ያለ ወንድ መንገድ መውጣት የሚያስወቅስ ነገር አይደለምና እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥምዎት ዋጋ ጠይቀው ማለፍ ይችላሉ።

ምግብን በተመለከተ አዋቂ እናት ከቤት ይዛ ነው የምትወጣው። እኛ ሦስት ኪሎ በሶ፣ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ፣ የተቆላ ሽምብራና አንድ ቴርሞስ ይዘን ነበር። በሶ በጠዋት ለልጅ ቁርስ፣ በተራራ ላይ ለአዋቂ ምሳ ይሆናል፤ የሚፈልገውም ውኃና ጥቂት ጨው ወይም ስኳር ብቻ ነው። እንዳጋጣሚ የሄድንበት ሳምንት ከየካቲት 2 እስከ 4 ጾመ ነነዌ ነበር። ሦስቱንም ቀን በየምግብ ቤቱ ሽሮና ምስር ስለበላን ደብተሩ እጅግ ተደሰተ።

አሁን ወደ ግንቡ እንግባ። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 እንደሆነ ይነገራል። እሳቸውና ተከታዮቻቸው ያሠሯቸው አብያተ መንግሥት 900 ሜትር ርዝመት ባለው የግንብ አጥር ተከበው በከተማው መሐል ቆመዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮም የዓለም ቅርስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 ጣሊያን ከጎንደር ሲባረር በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ከፊሉ ተጎድቷል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ሰፊ ጥገና ተደርጎለታል። እኔ ያየሁት ከጥገናው በፊት የነበረውን ነው፤ ዛሬ የሚሄድ ሰው የተሻለ ሆኖ ያገኘዋል። ኢትዮጵያዊ የሚከፍለው የመግቢያ ዋጋ የውጭ ዜጋ ከሚከፍለው በጣም ያነሰ ነው። ለልጆች የተማሪ መታወቂያ ይያዙ። ትኬቱ የፋሲል መዋኛንም ይጨምር እንደሆነ በር ላይ ጠይቀው ቁራጩን በጥንቃቄ ያስቀምጡት፤ መዋኛው ከዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በዚያው ቀን ቢሄዱ ይሻላል።

አስጎብኚ ያስፈልጋል ወይ? እኔ ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ያለ አስጎብኚ ድንጋይ አይተው ይመለሳሉ። ወጪውን ለመቀነስ በር ላይ ጥቂት ቆይተው ሌላ ቤተሰብ ሲመጣ አብረው ይቅጠሩ፤ እኛ ከደብረ ታቦር ከመጡ ባልና ሚስት ጋር ተካፈልን። ወንዱ ልጅ የአንበሶቹን ቤት ካየ በኋላ ሌላ ነገር ሊሰማ አልፈለገም። የእናቱ ልብ ግን የቀረው እቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ናቸው። ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር እቴጌይቱ ዘውድ ጭነው፣ ልጅ እያሳደጉ አገር አስተዳደሩ። በግቢው ውስጥ ከሠሩት ቤት ሌላ ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው ኮረብታ ላይ የቁስቋም ማርያምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥታቸውን አሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በዚሁ በቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የቤተ መንግሥት ልጆች እንዳስታመመ ጽፏል። ዛሬ ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ የለውም፤ በግድግዳው ላይ የተቀረጹት ምስሎች ግን አሁንም ይታያሉ። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዓፅም በመስተዋት ሣጥን ተቀምጦ ይታያል።

ጎብኚ ቁስቋም ድረስ አይወጣም፤ ግንቡን አይቶ ይመለሳል። እርስዎ ግን ይውጡ። ባጃጅ ያደርስዎታል፤ ሲመለሱ ቁልቁለት ስለሆነ በእግር ይወርዳሉ። ከፍርስራሹ መሐል ቆመን ስናይ፣ እስከዚያ ሰዓት ብዙም ያልተናገረችው የወገራዋ ልጅ አንገቷን አቅንታ ክፍሎቹን ስትቆጥር ቆየችና «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ቤት ማን ይጠርገው ነበር?» ብላ ጠየቀች። «ውኃውስ እስከዚህ በእንስራ ነው የወጣው?» አስጎብኚያችን ስለ እቴጌይቱ የሚያውቀውን ሁሉ ሲነግረን ቆይቶ ለዚህ መልስ አልነበረውም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልጽፍም። በጣሪያው ላይ ተደርድረው ቁልቁል የሚያዩትን የመላእክት ፊቶች ልጆች እንዲቆጥሩ ቢያደርጉ አንድ ሰዓት ሙሉ ጸጥ ይላሉ፤ የእኛዎቹ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1888 መሐዲስቶች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ከተረፉት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው፤ ያዳነውም የንብ መንጋ ነው ይባላል። ነጠላዎን አይርሱ። ማታ ፀሐይ ስትገባ ደግሞ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ከጎሃ ሆቴል ሰገነት አንድ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጡ። ሻዩ ከፒያሳው ይወደዳል፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ቦታ ጎንደርን ከነግንቦቿ በአንድ ዓይን ያያሉ፤ አልጋውን ሳይከራዩ ማለት ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። ቀድሞ ቤተ እስራኤላውያን ይኖሩበት የነበረ ሲሆን እነሱ ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሸክላው ሥራ ግን በቀሩት ሴቶች እጅ ቀጥሏል። አንዲት እናት አፈር አርሳ፣ ረግጣ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ እያዞረች አንዲት ጀበና ስትሠራ ተቀምጠን አየን፤ አድርቃ፣ በኩበትና በእንጨት ተኩሳ፣ ከዚያም ሳይሰነጠቅ ከወጣላት ነው የምትሸጠው። ሸክላ ሠሪን በቡዳነት ሲያሸማቅቅ የኖረ አገር መሆናችንን እያሰቡ ሲያዩት ጀበናው ይከብዳል። ቆጣቢዋ ባልደረባዬ በአውቶቡስ፣ በአልጋ፣ በባጃጅ ዋጋ ላይ ለአምስት ብር ሳይቀር ስትከራከር የሰነበተች ናት። እዚህ ግን የተጠየቀችውን ከፈለች። በደብተሯም ላይ «ጀበና፣ 2» ብላ ጻፈች። በክርክር የሚቀነስና የማይቀነስ ወጪ እንዳለ ሒሳብ ሠራተኛም ታውቃለች ማለት ነው።

ከወለቃ ወደ ላይ መንገዱ እየወጣ ሄዶ ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኮሶዬ ይደርሳሉ። ጊዜዎ ወይም ገንዘብዎ እስከ ሰሜን ተራሮች የማያደርስ ከሆነ እዚህ ወርደው ገደሉን ይዩ። ከእግርዎ ሥር ቆላው እስከ ዓይን መድረሻ ተዘርግቶ ይታያል፤ ሲሳካልዎትም የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ያገኛሉ። ማታ ጎንደር ተመልሰው ያድራሉ።

እኛ ግን የምንሄድበት ነበረን። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን፣ ከሚኒባስ ወርደን አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሄድን በኋላ የልጅቷ እናት ቤት ደረስን። አስቀድሞ በስልክ ተነግሯቸው ስለነበር ከደጅ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ አላለቀሱም፤ ራሷን በሁለት እጃቸው ይዘው ፀጉሯን አገላብጠው ካዩ በኋላ ክንዷን ጨበጥ፣ ጨበጥ አደረጉት። እኔ ይህ ምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከስታ እንደሆነና ጠባሳ እንዳለባት እያዩ ነበር። ባልደረባዬ ግን ወዲያው ገብቷት ዝም ብላ ቆማ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኛ ዞረው «ልጄን በዓይኔ አሳያችሁኝ፣ ኑ ግቡ» ያሉን።

ዕለቱ የነነዌ ጾም የመጨረሻው ቀን ስለነበር የገብስ ቂጣ፣ የባቄላ ክክ ወጥና ተልባ ቀረበልን። በመደብ ላይ ቆዳ ተነጥፎልን፣ ጋቢ ደርበን አደርን። እንዲህ ያለውን ማደሪያ «ነፃ» ብለው እንዳይመዘግቡ። የወገራ ገበሬ ለእንግዳ የሚያቀርበው ከልጆቹ ድርሻ ላይ ነው። እኛ ጥሬ ቡና፣ ስኳርና ሳሙና ይዘን ሄደን ነበር፤ የአንድ ሌሊት የአልጋ ዋጋ ያህል ወጥቶበታል፤ ከዚያ አነሰ ቢባልም ተገቢ አይደለም።

በማግስቱ ልጅቷን ከእናቷ ጋር ትተን፣ በዳባት በኩል ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ደባርቅ ሄድን። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘው እዚያ ነው፤ የመግቢያው ክፍያ የሚፈጸመውና ጠባቂ የሚያዘው እዚያው ስለሆነ ሳይቆሙ አይለፉ። ከደባርቅ ወደ ውስጥ ለጎብኚ የሚመች መደበኛ ትራንስፖርት የለም፤ ትልቁን ገንዘብ የሚበላውም መኪና መከራየት ነው። ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አራት መምህራን አግኝተን አንድ ሚኒባስ ለአንድ ቀን ተካፈልን። ድርሻችን ብቻችንን ብንከራይ ከምንከፍለው ከግማሽ በታች ሆነ።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋልያው ስለተመናመነ፣ እርሻውና ግጦሹም ስለበዛ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ቆይቷል። ከዚያ የወጣው አለ ዋጋ አይደለም፤ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቤታቸውን ትተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እኛ ልጆች ስለያዝን ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከቡይት ራስ አላለፍንም። ዋልያ ለማየት እስከ ጨነቅ መዝለቅ ያስፈልጋል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሸን ደግሞ የብዙ ቀን መንገድ ነው። ትንሿ ልጅ ከፍታው ራሷን አሳምሟት ነበርና ብዙ ውኃ አጠጥተን፣ ከሩጫ ከልክለን አሳረፍናት፤ የማይለቅ ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ቦታ መመለስ ነው። ነፍሰ ጡር የሆኑ ወይም የልብ ሕመምና ደም ግፊት ያለባቸው ሐኪም ሳያማክሩ ባይወጡ ይመረጣል።

በቡይት ራስ ጭላዳዎች ከመቶ በላይ ሆነው ሣር ሲነጩ በመሐላቸው ተቀመጥን። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የሉም። ከመምህራኑ አንዱ የባዮሎጂ መምህር ስለነበር አንድ ነገር ነገረን። በጭላዳ ቤት እናት፣ ሴት ልጅና እህት አብረው ይኖራሉ፤ ባለ ጎፈሬው ወንድ ነው መጥቶ የሚሄደው፤ ሴቶቹ ካልደገፉትም ብዙ አይቆይም። ባልደረባዬ ይህን በደብተሯ ጻፈችው፤ በየትኛው የወጪ ርእስ ሥር እንደሆነ አላሳየችንም።

ወደ አዲስ አበባ የተመለስነው አራት ሆነን ነው። ባልደረባዬ ልጅቷን ከሙሉ ደመወዟ ጋር 15 ቀን ከእናቷ ዘንድ እንድትቆይ አድርጋት መጣች፤ የመመለሻ ትኬቷንም ከእኛው ጋር አስቀድማ ቆርጣላት ነበር። በእነዚያ 15 ቀናት ምሽት ከመሥሪያ ቤት እየሮጠች ገብታ ራሷ ስታበስል፣ ራሷ ስታጥብ ሰንብታ በአሥረኛው ቀን ስልክ ደወለችልኝ። «ደመወዟን ልጨምርላት ነው» አለችኝ። ልጅቷ በቀኗ መጣች። እናቷ የላኩልን አንድ ስልቻ የገብስ በሶ ነበር፤ ግማሹ የእኔ ድርሻ ሆነ።